ቤቱን ከሸጥኩ በኋላ ለወጣው ጉድለት ተጠያቂ ነኝ?

ጥያቄ፦

«ከባለቤቴ ጋር ለብዙ ዓመት የኖርንበትን ፎቅ ቤት ሸጠን ከወጣን ስምንት ወር ሆነን። ባለፈው ሳምንት ገዢው ደውሎ ጮኸብኝ። ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ሥር ያለው የሳሎኑ ኮርኒስ ውሃ ይዞ ከፊሉ ወርዷል። የጓሮው ግድግዳ ላይ ያለው ስንጥቅም ሰፍቷል አለኝ። የፍሳሽ መስመሩ ተዘግቶ ሲያስቆፍር ደግሞ የዛፍ ሥር ገብቶበት ተገኝቷል። የሁሉንም ማሠሪያ ክፈሉኝ፣ አለዚያ ውሉን አፈርሳለሁ ይላል።

እውነቱን ልንገርዎ። ያ ኮርኒስ ከዚህ በፊትም ውሃ አፍስሶ ያውቃል። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን አሠራነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ትንሽ ቢጫ እድፍ ተመልሶ ታየ። ቤቱን ለመሸጥ ስንነሳ ኮርኒሱን ቀለም ቀባነው። ገዢው ሊያይ ሲመጣ ‹ውሃ ያስገባል እንዴ?› ብሎ ጠይቆ ነበር። ባለቤቴ ‹ኧረ ምንም የለውም› አለው። የጓሮውን ስንጥቅ ገዢው ራሱ አይቶታል፣ በእጁም ነክቶታል። የፍሳሹን ግን በእውነት እኛም አናውቅም ነበር።

ውሉ ላይ ‹ገዢ ቤቱን አይቶና ወዶ፣ ባለበት ሁኔታ ገዝቷል› የሚል አለ። ወንድሜ ‹የሸጠ አይጠየቅም፣ ስልኩን አታንሺ› ይለኛል። ደላላውም ‹ዝም በይው፣ ይተዋል› ነው የሚለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?»

እንቅልፍ ያጣሁት ሻጭ

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣

በቅድሚያ የቀለሙን ነገር ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያቺን ነገር ይዘላታል። የእርስዎ ጉዳይ የሚዞረው ግን በእሷ ላይ ነው።

አጭሩ መልሴ ይኸውልዎ። ለኮርኒሱ ተጠያቂ የመሆን ዕድልዎ ሰፊ ነው። ለጓሮው ስንጥቅ ምናልባት አይጠየቁም። የፍሳሹን ነገር የሚወስነው ቤቱ ያለበት አገር ሕግና የውልዎ ቃል ነው። ስልኩን አለማንሳት ግን ለሦስቱም አይበጅም። ያንሱት።

ወንድምዎ ያለው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ገዢ ይጠንቀቅ» የሚል የቆየ መርህ አለ። በእንግሊዝ አገር የቤት ሽያጭ ላይ እስካሁን ይሠራል። ሻጭ ያልተጠየቀውን ጉድለት ሁሉ እየዘረዘረ የመናገር አጠቃላይ ግዴታ የለበትም። ግን እዚያም ቢሆን ሻጩ ስለ ቤቱ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች በቅጽ ላይ መልስ ይሰጣል። መልሱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የተሳሳተ መግለጫ አዋጅ መሠረት ካሳ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ መርሁን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ዝም ያለ ሻጭ ሊያመልጥ ይችላል። ተጠይቆ የተሳሳተ መልስ የሰጠ ግን በቀላሉ አያመልጥም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በጥንቷ ሮም የገበያ ሹሞች ባሪያና ከብት የሚሸጥ ሰው በሽታውንና ጉድለቱን አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዱ ነበር። ሳይናገር ከሸጠ ገዢው በስድስት ወር ውስጥ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው እንዲቀነስለት ይከሳል። ዛሬም በብዙ አገር ገዢ የሚያነሳቸው ሁለቱ ጥያቄዎች፣ «ውሉ ይፍረስልኝ» እና «ዋጋው ይቀነስልኝ»፣ መነሻቸው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቤትዎ እንምጣ። ገዢው ሦስቱን ጉድለቶች በአንድ ቋጠሮ አስሮ አምጥቶብዎታል። ሲናደድ ማንም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እርስዎ ግን አንድ በአንድ ይፍቱት። ሕጉ እያንዳንዱን ለየብቻ ነውና የሚያየው።

በኮርኒሱ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። ሳነበው የእርስዎ ቤት ነው የመሰለኝ። ገዢዎቹ ውል ተፈራርመው ቀብድ ከፍለዋል። ሁለተኛውን ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት ገዢዋ በአንድ መስኮት ጠርዝ ላይ ልስኑ ተነፋፍቶ ሲላጥ አየች። ኮርኒሱም ላይ እድፍ ነበር። ጠየቀች። ሻጩ የመስኮቱ ችግር ትንሽ እንደነበርና ከተስተካከለ እንደቆየ ነገራት። የኮርኒሱ እድፍ ደግሞ የግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያና የተነሱ ተሸካሚ እንጨቶች የተዉት ነው አላት። ቀሪውን ቀብድ ከፈሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ገዢዋ ስትገባ ውሃው ከመስኮቱ ዙሪያ፣ ከኮርኒሱ፣ ከመብራቶቹ ሥር ይወርድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቀብዱ እንዲመለስላቸው አዘዘ። ከዚያም አልፎ አንድ መርህ አስቀመጠ፦ ሻጩ የቤቱን ዋጋ በእጅጉ የሚነካ ነገር ካወቀ፣ ያ ነገር በቀላሉ የማይታይ ከሆነና ገዢው ካላወቀው፣ ሻጩ መናገር አለበት።

ይህ የአንድ ግዛት ፍርድ ነው። ቤትዎ ያለበትን አገር ፍርድ ቤት አያስገድድም። ሐሳቡ ግን በተለያየ ስም ብዙ ቦታ ያገኙታል። ዳኞች የሚጠይቋቸውም ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ያውቁ ነበር? ገዢው በራሱ ሊያየው ይችል ነበር? ነገሩ ቀላል ነው ወይስ ቢያውቀው ኖሮ አይገዛም ወይም በዚያ ዋጋ አይገዛም ነበር? እርስዎ ያወቁትን ነገር እንዳያይ የሚያደርግ ነገር ሠርተዋል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀለሙ ይመልሰዋል።

ቀለም መቀባት በራሱ ጥፋት አይደለም። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይቀባል። ሙሉ ቤቱን ቀብታችሁ ቢሆን፣ ቧንቧውም ተሠርቶ እድፉ ዳግም ባይታይ ኖሮ፣ «ተሠርቶ አልቋል ብለን አምነን ነበር» ማለት ትችሉ ነበር። ያ በቅን ልቦና የተደረገ ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ሌላ ነው። ከጥገናው በኋላ እድፉ ተመልሷል። የተመለሰ እድፍ ጥገናው እንዳልያዘ የሚናገር ምልክት ነው። እሱን አይታችሁ ሠራተኛውን መልሳችሁ ሳትጠሩ ቀባችሁት። ከዚያ ገዢው ስለ ውሃ በቀጥታ ጠየቀ፣ «ምንም የለውም» ተባለ። የገዢው ጠበቃ እነዚህን ሦስቱን በተርታ ካስቀመጠ ሌላ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ክፋት አስባችኋል እያልኩዎ አይደለም። «ትንሽ ናት፣ ደርቃለች» ብላችሁ ራሳችሁን አሳምናችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። ግን ገዢው ያጣው ነገር በእናንተ ሐሳብ ልክ አይለካም። እሱ ጠይቋል። አንድ ገዢ ማድረግ ያለበትን አድርጓል። በተሰጠው መልስ ተማምኖ ትልቁን ገንዘቡን አውጥቷል። ኮርኒሱ ሲወርድ ከሥሩ ሰው ቢኖር ኖሮ የምንነጋገረው ስለ ማሠሪያ ብቻ አይሆንም ነበር። ይህን የምጽፍልዎ ላስጨንቅዎ ብዬ ሳይሆን ሰውየው ለምን እንደጮኸ እንዲገባዎ ነው።

«ማን ያውቃል?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎም ይተዉት። ኮርኒስ ሲፈርስ ታሪኩን ይዞ ነው የሚወርደው። የወደቀውን ቁራጭ በጎኑ ሲያዩት ከአዲሱ ቀለም ሥር አሮጌው እድፍ ክብ ክብ ሠርቶ ይታያል። ከአንድ ክብ በላይ ካለ ውሃው ተመላልሷል ማለት ነው። የምስማሩ ዝገት፣ የእንጨቱ መበስበስ፣ ከልስኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ ነገሩ የትናንት ይሁን የቆየ ለባለሙያ ይነግሩታል። ቧንቧ ሠራተኛውም አለ። መቼ እንደተጠራና ምን እንደሠራ ያስታውሳል። ለእሱ የጻፋችሁት መልእክት በስልክ ውስጥ ተቀምጧል። እባክዎ እሱን ለማጥፋት አይሞክሩ። የጠፋ መልእክት ከተገኘው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው አንቀጽስ? እንዲህ ያለ አንቀጽ ዋጋ አለው። ግን የሚጠብቀው ያላወቀውን ሻጭ ነው። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 444 ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገውን የውል ቃል መጥቀስ አይችልም ይላል። በፈረንሳይም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከሸጠ የተቀበለውን ዋጋ ከመመለስ አልፎ ለገዢው ጉዳት ሁሉ ካሳ ይከፍላል። «ከዚህ ውል ውጪ የተባለ ነገር አይጸናም» የሚል አንቀጽ ቢኖርም ባለቤትዎ በቃል ለተናገረው ሐሰት ጋሻ ይሆናል ብለው ብዙ አይተማመኑ።

ስንጥቁን ቶሎ እንለፈው። ገዢው አይቶታል፣ ነክቶታል። ለሚታይ ጉድለት ሻጭን አለመጠየቅ በብዙ ሕግ የተለመደ ነው። ገዢው ገምቶ፣ ዋጋውንም አስቦበት እንደገዛ ይቆጠራል። ይህን የሚቀይር አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። መሐንዲስ አስመርምራችሁ «መሠረቱ እየሰመጠ ነው» ተብላችሁ ነበር? ስንጥቁ ይታያል፣ ምክንያቱ ግን አይታይም። ምክንያቱን የምታውቁ ከነበረ ነገሩ ወደ ኮርኒሱ ጎራ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ገዢው ስንጥቁ ሰፍቷል ያለዎት የፍሳሹ መስመር ተዘግቶ የዛፍ ሥር እንደተገኘበት በነገረዎት በዚያው ስልክ ነው። መስመሩ በዚያው በጓሮ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱ ሊገናኙ ይችላሉ። የሚያፈስ የፍሳሽ ቧንቧ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር ያረጥበዋል፣ አንዳንዴም ጠርጎ ይወስደዋል። አፈሩ ሲለሰልስ ግድግዳው ይወርዳል። ይህን መወሰን የመሐንዲስ ሥራ ነው። በስልክ ክርክር አይፈታም።

ወደ ፍሳሹ ልምጣ። እዚህ ላይ አገር ከአገር ይለያያል። የፈረንሳይ ሕግ ሻጩ ባያውቅም እንኳ ለስውር ጉድለት ይጠይቀዋል። በውሉ ላይ «ዋስትና አልሰጥም» ብሎ ካስቀመጠ ግን ይድናል። እንግሊዝንና አሜሪካን የመሰሉ አገሮች ደግሞ ባብዛኛው ያላወቀን ግለሰብ ሻጭ አይጠይቁም። በሁለቱም በኩል «ባለበት ሁኔታ» የሚለው አንቀጽዎ ዋጋ የሚያገኘው ምናልባት እዚህ ነው። ጠበቃዎ የአንቀጹን ቃል በአገርዎ ሕግ መዝኖ ይንገርዎ።

ግን አለማወቅዎ እውነተኛ መሆን አለበት። ራስዎን ይጠይቁ። እዚያ ስትኖሩ ሽንት ቤቱ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር? ውሃው እየተመለሰ በየጊዜው ሰው ጠርታችሁ ታስጠርጉ ነበር? የዛፍ ሥር በአንድ ሌሊት ቧንቧ አይሞላም። በስንጥቅ ወይም በመገጣጠሚያው ገብቶ፣ እርጥበቱን ተከትሎ፣ በዓመታት ነው የሚወፍረው። በየጊዜው ስታስጠርጉ ከነበረ «አናውቅም» የሚለው ቃል ይሳሳል። አንድም ቀን ችግር ካላያችሁ ግን በልበ ሙሉነት ይናገሩት።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ገዢው የጠየቀው ሁሉ ይገባዋል ማለት አይደለም። ከእናንተ ሊጠየቅ የሚችለው ያፈሰሰውን ቧንቧ መሥራት፣ የወደቀውን ኮርኒስ መመለስ፣ ውሃው ያበላሸበትን ዕቃ መተካት ነው። አሮጌውን መታጠቢያ ቤት አፍርሶ በውድ ሴራሚክ ቢያሠራው ልዩነቱን እሱ ይሸፍናል። እርጥበቱን ካየ ወራት አልፎት ዝም ብሎ ከቆየ፣ በዚያ መዘግየት የተባባሰው ጉዳትም በእናንተ ላይ ብቻ አይጫንም። መቼ መጀመሪያ እንዳየው፣ መቼስ እንደነገራችሁ ይጠይቁ። ብዙ ሕጎች ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋሉ።

ውሉን አፈርሳለሁ ያለው ብዙ አያስደንግጥዎ። ውል ማፍረስ የሚፈቀደው ባብዛኛው ጉድለቱ በጣም ከባድ ሲሆን ነው። ሊጠገን የሚችል ኮርኒስ በተለምዶ ወደ ካሳ ወይም ወደ ዋጋ ቅነሳ ነው የሚሄደው። ሆን ብሎ መደበቅ ከተረጋገጠ ግን ዳኛ ወደ ገዢው ሊያዘነብል ይችላል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዲያልቅ የምመክርዎም ለዚህ ነው።

«ጊዜው አልፏል» ብሎ መከራከርም በስምንት ወር የሚሞከር አይመስለኝም። በፈረንሳይ ገዢው ስውሩን ጉድለት ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አለው። በጀርመን ለሕንፃ ጉድለት የተለመደው ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ከርክክቡ ጀምሮ አምስት ዓመት ነው። ያጠረ ጊዜ የሚሰጡ ሕጎችም አሉ። ስለዚህ የአገርዎን ይርጋ ጠበቃዎን መጀመሪያ የሚጠይቁት ነገር ያድርጉት።

ስለ ደላላው አንድ ቃል ልበል። የእድፉን ነገር ያውቅ ነበር? «ቀባ ቀባ አድርጉት» ያለው እሱ ከሆነ ራሱም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «ዝም በይው» የሚለው ምክሩ ለእርስዎ ብቻ የታሰበ ላይሆን ይችላል። ቧንቧ ሠራተኛውም ሥራውን በግዴለሽነት ሠርቶ ከሆነ ከከፈላችሁት ከፊሉን ከእሱ መጠየቅ ትችሉ ይሆናል። ደረሰኙን ይፈልጉት። የነበራችሁን የቤት ኢንሹራንስ ውልም ያንብቡ። እያወቁ ለደበቁት ነገር ኢንሹራንስ ይከፍላል ብለው ተስፋ አያድርጉ፣ ለሌላው ግን ማንበቡ አይጎዳም።

ከባለቤትዎ ጋር ዛሬ ማታ ይቀመጡ። ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንደተቀባ፣ ሠራተኛው መቼ እንደመጣ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ታሪክ ለማስማማት አይደለም። ሁለታችሁም የምታስታውሱት እውነት ነገ ከነገ ወዲያ እንዳይደበዝዝ ነው። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። የቀለሙን ነገር ለእኔ እንደነገሩኝ ለእሱም ይንገሩት። ጠበቃ ከተቃራኒው ወገን አዲስ ነገር ሲሰማ ነው የሚሸነፈው። ገንዘቡን ወይም ሌላ ንብረት በዘመድ ስም ለማዞር የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት። ያ ሌላ ክስ ነው የሚወልደው።

ቀጥሎ ቤቱን ሄዶ ማየት ነው። ገዢው አድሶ ከመጨረሱ በፊት፣ ከሁለታችሁም ወገን ያልሆነ መሐንዲስ ይዛችሁ። ክፍያውን ለሁለት ብትካፈሉት ገዢውም ውጤቱን ለመቀበል አይከብደውም። መሐንዲሱ እያንዳንዱን ጉድለት ለየብቻ፣ መነሻውን፣ ዕድሜውንና ማሠሪያውን ይጻፍ። የፍሳሹ ቧንቧ ውስጥ ካሜራ ይግባ። የወደቀው የኮርኒስ ቁራጭ አይጣል፣ ፎቶም ይነሳ።

ሪፖርቱ ሲመጣ እኔ እንደ እርስዎ ብሆን ኮርኒሱን እከፍላለሁ። ሳልከራከር፣ ከነ ቧንቧው። በፍሳሹ ላይ እደራደራለሁ። ስንጥቁን ከፍሳሹ ጋር ካልተያያዘ በስተቀር አልቀበልም። የምትስማሙበትን በጽሑፍ ያድርጉት። የትኛው ጉድለት በስንት እንደተዘጋ፣ ገዢውም በእነዚህ ጉዳዮች ዳግም እንደማይጠይቅ ይግለጽ። ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፣ ገንዘቡም ከፊርማው ጋር ይሰጥ። ያልተጻፈ ስምምነት ላይ ገንዘብ ከሰጡ ነገ «ያ የመጀመሪያው ብቻ ነበር» ሊባሉ ይችላሉ።

እስከዚያው ግን ገዢው መልስ እየጠበቀ ነው። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ቁጣው ይብሳል። በስልክ ብዙ አያውሩ። አጭር መልእክት ይበቃል፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ስለ ቤቱ የነገሩንን ሰምተናል። ኮርኒሱ በመውደቁ አዝነናል፣ ማንም ስላልተጎዳ ደስ ብሎናል። ነገሩን በቁም ነገር ይዘነዋል። ከሁለታችን ወገን ያልሆነ ባለሙያ ይዘን መጥተን ሦስቱንም ማየት እንፈልጋለን። እስከዚያ ውሃውን ይዝጉት፣ ጉዳት እንዳይጨምር አስፈላጊውን ያድርጉ፣ የወጪውን ደረሰኝ ይያዙ። የወደቀውን እንዳይጥሉት እንለምናለን። የሚመችዎትን ቀን ይንገሩን። ይህ መልእክት በስምምነት ለመጨረስ የተጻፈ ነው፣ ስለ ኃላፊነቱ የምንለውን ባለሙያው ካየ በኋላ እንነጋገራለን።»

ከመላክዎ በፊት ጠበቃዎ ያንብበው። በተለይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በአገርዎ ሕግ በሚሠራ አነጋገር ያስተካክልልዎ። ጠበቃው ጋ ለመድረስ ቀናት የሚወስድብዎ ከሆነ ግን ለገዢው «መልእክትዎ ደርሶናል፣ በዚህ ሳምንት እንመልስልዎታለን» ብለው ዛሬውኑ ይጻፉለት።